የሦስቱ ጢማሞች ዓይን

ባለፈው ክረምት መሰላሌን ሸጥኩት። የገዛው አንድ ጣራ ጠጋኝ ነው። የታፔላ ሰዓሊ ያለ መሰላል ምንም ስላልሆነ ያን ቀን ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መሥሪያ ቤት የለኝም፤ የተቀጠርኩትም በራሴ ፈቃድ፣ የተሰናበትኩትም በራሴ ፈቃድ ነው። ምክንያቱ ጉልበቴ እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቴ ዛሬም ደህና ነው። ምክንያቱ ማሽን ነው። የዛሬ ባለሱቅ የሱቁን ስም በስልክ ይልካል፣ ከሰዓት በኋላ ላስቲክ ላይ ታትሞ ይመጣለታል፣ በዓመቱ ፀሐይ ይበላዋል፣ ደግሞ ያሳትማል። እኔ የጻፍኩት ታፔላ ግን ባለቤቱ አርጅቶ ሱቁን ለልጁ እስኪያወርስ ድረስ ይነበባል። አንዋር መስጊድ ጀርባ የቀባሁት የሻይ ማንቆርቆሪያ አለ፤ እንፋሎቱ እስከ ዛሬ አልቆመም። ሄዳችሁ እዩት።

ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ለመኩራት ነው። ግን አንድ ሌላ ሰውም አለ፣ እሱን ሳላነሳ ብኮራ ኩራቴ ጎደሎ ይሆናል።

የተወለድኩት አማኑኤል ሰፈር ነው። አባቴ መርካቶ ተሸካሚ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አልተቀመጥኩም። የሊስትሮ ሳጥኔን ይዤ ራጉኤል አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። ሥዕል የጀመርኩትም እዚያው ነው፣ በጫማ ቀለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የደንበኛው ጥላ ከኋላው ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ይወድቃል። አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ አገጩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንደኛውን ጫማ ቀብቼ እስኪደርቅ ድረስ ብድግ እልና ጣቴን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሬ ጥላውን ዙሪያውን እከብበዋለሁ። ሰውየው ከፍሎ ሲሄድ ፊቱ አጥሩ ላይ ይቀራል። ብዙም ሳይቆይ አጥሩ በሰፈሩ ሰው ፊት ሞላ። ሰዎች ጫማቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ፊታቸውን ፍለጋ ይመጡ ነበር። "እኔ የት ነኝ?" ይሉኛል፤ "ከዳቦ ጋጋሪው ቀጥሎ" እላቸዋለሁ። በጎን ፊት፣ ከጎን በኩል የሚታይ ፊት በመሳል ማለቴ ነው፣ እስከ ዛሬ የሚስተካከለኝ ሰው አላየሁም።

ከዚያ አንድ ፀጉር አስተካካይ ጠራኝና በሩ ላይ መቀስና ማበጠሪያ እንድስልለት ጠየቀኝ። ሳልኩለት። መቀሱ እውነተኛ መስሎት አንድ ደንበኛ ሊያነሳው እጁን እንደዘረጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሳጥኔን ለሌላ ሰጠሁ። ዳቦ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት አዳሽ፣ የጭነት መኪና ጎን፣ ሁሉንም ሠራሁ። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የብረታ ብረትና የቀለም ነጋዴ ነበሩ፣ ሱቃቸው አንዋር አካባቢ ነው። ስማቸውን በዓረብኛ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። ዓረብኛ አላነብም። በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፣ እኔ ደግሞ አይቼ በሜትር ከፍታ ጻፍኩት። ሐጂ ቆመው አዩና "ወላሂ፣ አንተ ባታነበው ነው እንዲህ ያማረው" አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፦ የሰው ምስል በራቸው ላይ እንዳልስል። ማንቆርቆሪያውን የሳልኩት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ተክሌ ልምጣ።

ጋሼ ተክሌ ከጎጃም የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ራጉኤል አካባቢ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣጥፈው የሚጥሉ፣ ያረጀ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለያቸው ሰው ናቸው። አስተማሩኝ አልልም፤ እሳቸው ማንንም አያስተምሩም። እኔም የማንም ተማሪ ሆኜ አላውቅም። ግን የክፍላቸው በር ክፍት ነበር፣ እኔም ዓይን ነበረኝ። "ጋሼ፣ ይሄን ቀለም እንዴት ነው የደባለቁት?" ብዬ ስጠይቃቸው "ቆመህ የለ?" ይሉኛል። መልሱ ይኸው ነው። ቆሜ አየሁ።

ብሩሻቸውን ራሳቸው ይሠሩ ነበር፣ ከፍየል ማጅራት ፀጉር፣ በዶሮ ላባ አገዳ ውስጥ አስገብተው በክር አስረው። ሌላው ሰዓሊ እጁን ሥራ ሲጨርስ ይታጠባል፤ እሳቸው የሚታጠቡት ከመጀመራቸው በፊት ነው። ቀለም ደባልቀው አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጠብ ያደርጉና በር ላይ ወጥተው ፀሐይ ያሳዩታል። ካልጣማቸው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይደባልቃሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ጎረቤቶቹ "ጋሼ ተክሌ ዛሬም ጥፍራቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። የልብስ እጥፋት ሲያሰምሩ ትንፋሻቸውን ይዘው ከትከሻ እስከ እግር በአንድ ጊዜ ነው፤ መሐል ላይ ቢያስሉ ያን ሥዕል ጠርገው እንደገና ይጀምሩታል።

ዓይን የሚሠሩት መጨረሻ ላይ ነው። የዓይን ቀን ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ለዓይን ብቻ የሚሆን አንዲት ቀጭን ብሩሽ ነበረቻቸው፣ ባርኔጣቸው ጥብጣብ ውስጥ የምትሰካ። እሷ ከባርኔጣው ስትወጣ ያየ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ውጭ የሚጯጯሁት ተሸካሚዎች እንኳ ያንን አጥር ሲያልፉ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር።

ስለ ዓይን ደግሞ ማንም የማይነቀንቀው ሕግ ነበራቸው። ደግ ሰው፣ ጻድቅ፣ መልአክ፣ ፊቱን ወደ ሕዝብ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ያያል። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚታየው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው። ይህን ሕግ እሳቸው አላወጡትም፤ ከመምህራቸው፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው የተቀበሉት ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የኔን የጥላ ፊቶች አጥሩ ላይ ባዩ ቁጥር ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ከፍ አድርገው ያልፉ ነበር። አንድም ቀን ስለ ሥራዬ ተናግረውኝ አያውቁም። እኔ ግን የሳቸውን አድናቆት ከመላው መርካቶ ጭብጨባ አስበልጬ እፈልገው ነበር።

ደርግ ሲመጣ የሥራዬ ቀለም ተቀየረ። መጀመሪያ ከገበያ የጠፋው ቀይ ነው፣ ሁሉም ግድግዳ ቀይ ስለፈለገ። ቀጥሎ ሁሉም ቀለም ጠፋ። ቀበሌው ሰዓሊዎችንና ጽሑፍ ሠሪዎችን በአንድ ማኅበር አደራጀን፤ ደሞዙ ጥቂት ነው፣ ግን ቀለም ሲገኝ ለኛ ይደርሰናል። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ስለቀዘቀዘ ጋሼ ተክሌም ገቡ። እኔ የመፈክር ጸሐፊ ሆንኩ። "ይለምልም" ስጽፍ ፊደሎቹ ቅጠል ያወጡ ይመስላሉ፤ "ይውደም" ስጽፍ ደግሞ ሰዎች ግድግዳውን ራቅ ብለው ያልፋሉ። ሌላ ሰፈር ካሉ ቀበሌዎች ሳይቀር በብድር ይወስዱኝ ነበር።

በቀለም እጦቱ ዘመን ብዙ ዘዴ ተማርን። ነጩን እንዲበረክት በቤንዚን እናቀጥነዋለን። ጥቁር ካለቀ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ሬንጅ ከምናለሽ ተራ ገዝተን፣ አቅልጠን፣ በቤንዚን እንበጠብጠዋለን። ጥሩ ጥቁር ይወጣዋል፣ እንደ ጠዋት ጤዛ ያብረቀርቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ከነዚያ ዓመታት በአንዱ፣ ጳጉሜን ሊገባ ሲል፣ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ አሰፋ ማኅበራችን ድረስ መጣ። ጓድ አሰፋ አስተማሪ የነበረ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ሲናገር ሁልጊዜ የቸኮለ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። ከመጽሔት የተቆረጠች ትንሽ ሥዕል ይዟል፦ እነዚያ ሦስቱ የውጭ አገር ጢማሞች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ዞረው። የአብዮቱ በዓል ከእንቁጣጣሽ ማግስት ነው፤ ለበዓሉ በትልቅ ላሜራ ላይ ተስለው አደባባዩ ላይ እንዲቆሙ ተፈለገ።

"ፊት የሚሠራው ማነው?" አለ።

ሁላችንም ወደ ጋሼ ተክሌ አየን።

"ትልልቅ ሰዎች ናቸው?" አሉ ጋሼ ተክሌ፣ ቁራጯን ከዓይናቸው አርቀው እያዩ።

"ከነሱ የሚበልጥ የለም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያ በክብር እሠራቸዋለሁ።"

እኔ ሌላ መንገድ ላይ መፈክር ስጽፍ ሰነበትኩ። እሳቸው በቀበሌው ግቢ፣ ዝናቡን በሸራ ከልለው፣ ብቻቸውን ሠሩ። የዓይኑ ቀን ውኃ ሳይቀምሱ እንደዋሉ ጥበቃው ሙሔ ኋላ ነግሮኛል። ሙሔ ከኛው ሰፈር የወጣ፣ ጠመንጃው ከቁመቱ የሚረዝም አብዮት ጠባቂ ነው።

ሥዕሉ ሲታይ እኔም ተጠርቼ ነበር። ጠዋት ነው፣ ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል። ሙሔ ሸራውን ገፈፈው።

አምላኬ፣ እንዴት ያማረ ሥራ ነበር! ሦስት ግርማ ሞገስ ያላቸው ሽማግሌዎች፣ ጢማቸው እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ግንባራቸው ሰፊ፣ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው፣ በትላልቅ ጥቁር ዓይኖቻቸው፣ ሁለት ሁለት ዓይን፣ ቁልቁል ያዩናል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ዓይኖቹ በሬንጅ ተነክረው ያበራሉ። ወዲያውም ምን እንደሆኑ ገባኝ፣ ግን አፌን ዘጋሁ።

አፏን ያልዘጋችው አንዲት አሮጊት ናት። ከራጉኤል ስትመለስ በተከፈተው የግቢ በር አየችውና ዣንጥላዋን ጥላ ተንበረከከች።

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!" አለች። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። "እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ! ሥላሴን ለቀበሌያችን!"

ጓድ አሰፋ ሮጦ ሄደ። "እትዬ፣ ይነሱ! ሥላሴ አይደሉም!"

"ታዲያ ማን ናቸው?"

"የሠርቶ አደሩ መሪዎች ናቸው!"

"የሠርቶ አደር መሪ እንዲህ ያምራል?" አለች፣ ጭቃዋን እያራገፈች። ስትወጣ ደግሞ ዞር ብላ አማተበች።

ጓድ አሰፋ ሲመለስ መነጽሩን ላብ አልብሶት ነበር። "ጋሼ ተክሌ፣ የሰጠሁዎት ሥዕል ላይ በየፊቱ ስንት ዓይን ነው የሚታየው?"

"አንድ።"

"እርስዎስ ስንት ሠሩ?"

"ሁለት።"

"ለምን?"

"ትልልቅ ሰዎች ናቸው አልከኝ፣ ልጄ። ትልቅ ሰው በአንድ ዓይን አድርጌ ሕዝብ ፊት ባቆም ስድብ ነው። እኔ እንኳን መሪ ቀርቶ ጎረቤቴን እንደዚያ አልሰድብም።"

ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። ቅንጣት ተንኮል አልነበራቸውም። ግን ጓድ አሰፋ "ይሄ አሻጥር ነው" አለ፣ ያችን ቃል። በዚያ ዘመን ያችን ቃል የሰማ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሷ የተወሰዱ፣ ቤተሰባቸው ስንቅ ይዞ ሄዶ ስንቁን መልሶ ይዞ የመጣ፣ እኛም የምናውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ሙሔ ጋሼ ተክሌን ወደ ግቢው ዕቃ ቤት ወሰዳቸው። "ይቅርታ ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ በሩ አጭር ነው" ሲላቸው ሰማሁት።

ጓድ አሰፋን ተከትዬ ቢሮው ገባሁ።

"በበዓሉ ዋዜማ ከበላይ መጥተው ያዩታል" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንዲህ ሆኖ ካገኙት ሽማግሌውን ወደ ላይ ከመላክ ሌላ ምርጫ የለኝም። አለዚያ የምላከው እኔ ነኝ።"

"ተስተካክሎ ካገኙትስ?"

"ተስተካክሎ ካገኙት ምን አጠፋ? ስህተት ነበር፣ ታረመ፣ አበቃ። ሽማግሌው ቤታቸው ይገባሉ።"

"እኔ አስተካክለዋለሁ።"

"አንተ ፊደል ጸሐፊ አይደለህ?"

"ጓድ፣ ጎን ፊት በዚህ ከተማ ከኔ በላይ የሚሠራ ካለ አምጡልኝና ብሩሹን ላጥብለት።"

እውነቴን ነበር። የአጥሩን ፊቶች እሱም ሳያያቸው አልቀረም፤ ራሱን ነቀነቀ።

ሸራውን እንደገና ወጥሬ ሥራ ጀመርኩ። ማኅበሩ የቀረውን ነጭ ሰጠኝ፣ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ በቤንዚን አቀጠንኩት። የጋሼ ተክሌን ሦስት ሽማግሌዎች ከግንባራቸው ጀምሬ ሸፈንኳቸው። አልዋሽም፣ እንደዚያ ያለ ሥራ መደምሰስ ቀላል አይደለም። ግን ሰውየው ዕቃ ቤት ውስጥ ናቸው። ሸፍኜ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ።

ስመለስ ስድስት ዓይን ያየኛል።

ቡናማ ሆነው፣ ከነጩ ሥር ወጥተው፣ ልክ በቦታቸው። ፊት የለ፣ ጢም የለ፣ ዓይን ብቻ። ሙሔ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ጠመንጃውን ረስቶታል።

"ደሳለኝ" አለኝ፣ "እኔ ምንም አልነካሁም።"

"ቀጥኖ ነው" አልኩት። ወፈር አድርጌ ደገምኩ። ፀሐይ ዘለቅ ስትል ዓይኖቹ ተመለሱ። ሦስተኛ ሞከርኩ። አሁን ደግሞ ዓይኖቹ ሰፍተው፣ ዳር ዳራቸው ተንጠባጥቦ፣ የሚያለቅሱ መስለው ወጡ።

ወሬ መርካቶ ውስጥ እግር አያስፈልገውም። ተሸካሚዎች ሸክማቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። "አንጨፍንም አሉ!" ይላል አንዱ። "ደሱ፣ ፀበል ሞክርበት!" ይላል ሌላው። "ሥላሴን በቤንዚን ያጥባል እንዴ ይሄ ሰው? እጁ ይደርቃል!" የምትለዋ ደግሞ ሽንኩርት ሻጭ ናት። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ግን ጫማውን አውልቆ ቆሟል። ጓድ አሰፋ በመስኮት አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ሥዕሉ ሲታይ ስህተት ነበር፤ አሁን ተአምር ሆነ። ተአምር በቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ በበዓሉ ዋዜማ ዋዜማ! ለዚህ የሚከፍሉት ዕቃ ቤት ያሉት ሽማግሌ እንደሚሆኑ ሁላችንም አውቀናል።

እኔ ደሳለኝ፣ የማልሠራው የለም ያልኩት ሰው፣ ብሩሼን ባልዲ ውስጥ ጥዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተሸነፍኩበት ቀን የለም። የማላውቀው ነገር ሳይሆን የማውቀው ቀለም ነው ያሸነፈኝ።

ሙሔን ለመንኩት። በሩን ገርበብ አደረገልኝ። ጋሼ ተክሌ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር።

"ጋሼ፣ ዓይኖቹ ይመለሳሉ።"

"ሰምቻለሁ። ሕዝቡ ሲጮኽ ይሰማኛል።"

"ሰዉ ተአምር ነው እያለ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። እዚያ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ፣ አላውቅም፣ ከተማው ሁሉ የቅዱስ ሥራ ሠሪ ብሎ ስማቸውን ያነሳ ነበር። አንድ ሰዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ዝና ይፈልጋል? እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሬንጅ ነው፣ ልጄ። ተአምር በሬንጅ አይሠራም። በምን አቀጠንከው?"

"በቤንዚን።"

"ሬንጁስ በምን ነው የሚሟሟው?"

ግንባሬን በመዳፌ መታሁ። ነጩን በቀባሁ ቁጥር ሬንጁን እያሟሟሁ ወደ ላይ እየጠራሁት ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠይቃቸው አስረዱኝ፦ "ብርማ ቀለም ፈልግ። የጭስ ቱቦና በርሜል የሚቀባበት። እሱ እንደ ክዳን ነው፣ ሬንጅ አያልፈውም። ግን አንተ አትቀባውም። የከፈትኳቸው እኔ ነኝ፣ የምዘጋቸውም እኔ ነኝ።"

ጓድ አሰፋ አሻፈረኝ አለ። "እንደገና እንዲያሻጥሩ ላውጣቸው?"

"ዓይኑ አሁንም ከተመለሰ" አልኩት፣ "በሩ አጭር ነው ተብሏል፣ ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ እኔም እገባለሁ። እስከዚያ ግን ቀለሙን ላምጣ።"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ሂድ" አለ።

ብርማ ቀለም የነበራቸው ሐጂ ኑሩ ብቻ ናቸው። ሱቃቸው በር ላይ ደርሼ ትንፋሽ እያጠረኝ ነገርኳቸው።

"ለሰው ፊት ነው?" አሉ ሐጂ፣ ፊታቸውን አጨማደው።

"አዎ ሐጂ።"

"ለሰው ፊት ቀለም አልሰጥም። ታውቀኛለህ።"

"ሐጂ፣ ለመሳል አይደለም። ፊት ለመደምሰስ ነው።"

ሐጂ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ለመደምሰስ?" አሉ። "ለመደምሰስ ከሆነ ቆርቆሮውን እንዳለ ውሰድ! ካነሰህም ተመለስ!"

ጋሼ ተክሌ ከዕቃ ቤቱ ወጥተው መጀመሪያ ውኃ ጠየቁ፤ ለመጠጣት ሳይሆን ለእጃቸው። ታጠቡ። ብርማውን ቀለም ጥፍራቸው ላይ ጠብ አድርገው ፀሐይ አሳዩት። ከዚያ መሰላሉን ወጥተው ዓይኖቹን አንድ በአንድ ዘጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። የመጨረሻዋን ሲዘጉ እጃቸውን እዚያው ላሜራው ላይ ትንሽ አቆዩት፣ ሰው የሟቹን ዓይን እንደሚከድን። ጫማቸውን ያወለቁት ሰዎች ጫማቸውን አጥልቀው አንድ በአንድ ሄዱ።

ከመሰላሉ ወርደው ጀርባቸውን ለላሜራው ሰጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። "ቀጥል" አሉኝ። "እኔ አላይም።"

ብርማው ቀለም እስኪይዝ ጠብቄ ነጩን ደረብኩ፤ አሁን ቤንዚን አልነካውም። ጠበቅን። ዓይን አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት እሳቸውም እዚያው ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ሳሉ ጎን ፊቶቹን ጀመርኩ። እንዲህ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም የሠራሁ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ግንባር፣ አፍንጫና ጢም በአንድ መስመር አወረድኩት፣ እንደሳቸው ትንፋሼን ይዤ። ሁለተኛውን ከኋላው፣ ሦስተኛውን ከሱ ኋላ። በላሜራው ላይ የቀረችው ሦስት ባዶ ቦታ ብቻ ነበረች፤ በየፊቱ አንድ ዓይን።

እጄ ያለው ብሩሽ ለፊደል የተሠራ ሰፊ ነው። ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ ተክሌ አሁንም ፊታቸውን አላዞሩም፤ ግን አንድ እጃቸው በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ተዘርግቷል። ጣታቸው መሐል ያቺ የባርኔጣዋ ቀጭን ብሩሽ አለች።

"ሬንጅ አይደለም" አሉ። "ጥላሸት ፈጭቼ አስቀምጬልሃለሁ፣ እዚያ ኩባያ ውስጥ።"

እኔም ውኃ ሳልቀምስ የዋልኩ መሆኔን ያወቅሁት ሦስተኛውን ዓይን ስጨርስ ነው።

በዚያው ዋዜማ አመሻሽ ላይ ከበላይ የመጡት ሰዎች ላሜራውን ከመጽሔቱ ቁራጭ ጋር አመሳክረው አዩ። አንደኛው "ከውጭ ነው የመጣው?" ብሎ ጠየቀ። ጓድ አሰፋ "የቀበሌያችን ልጅ ነው የሠራው" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ያን ዓመት በበዓሉ ቀን የጣለው ዝናብ የሌሎቹን ቀበሌዎች ሥዕል ጢምና መፈክር አንድ ላይ አጥቦ ሲያወርደው የኛዎቹ ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወዲህ ፊት የሚፈልግ ሁሉ እኔን ነው የሚጠራው፤ የመኪና በር ላይ፣ የፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ፣ የሟች መታሰቢያ ላይ። ስንቱ አሞግሶኛል!

ጋሼ ተክሌን ግን በዓሉ እስኪያልፍ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አቆይተው በማግስቱ ለቀቋቸው። በሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ በአደባባዩ ያልፋል፤ ሌላ መንገድ ልወስዳቸው ብል እምቢ አሉ። ላሜራው ፊት ሲደርሱ ቆሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ከታች ወደ ላይ፣ ከጢም ወደ ግንባር፣ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን፣ ሳይቸኩሉ አዩ። ሙሔ ከላሜራው ሥር ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። እኔ እንደ ፈተና ተማሪ እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እውነት ለመናገር" አሉ፣ "ሰይጣን እንዲህ አምሮ አይቼ አላውቅም።"

ዙሪያዬን አየሁ፤ የሰማ የለም። ሳቄ መጣ። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሙሔ "ምን ሆናችሁ?" ሲል ጋሼ ተክሌ "ጉንፋን ነው ልጄ፣ ዕቃ ቤቱ በረደኝ" አሉት። እጃቸውን ያዝኩ፣ ሳቃችንን አፍነን፣ ሁለታችንም እያሳልን፣ እስከ ራጉኤል ድረስ ወጣን።